ሽንት ስለ ጭንቀታችን ምን ይናገራል?

ሥራ ለመቀጠር ወይም ከፍተኛ ትምህርት ቤት ለመግባት የጤና ምስክር ወረቀት ያወጣ ሰው ሁሉ ያችን ትንሽ ብልቃጥ ያውቃታል። ከላቦራቶሪው መስኮት ይቀበላታል፤ ሰው እንዳያይበት በመዳፉ ሸፍኖ ይሄዳል፤ መልሶ ሲያመጣትም ዐይኑን ከመሬት አያነሣም። ሰው በሽንቱ ያፍራል፤ ከሰውነቱ የወጣ ትርፍ ነገር ነውና ቶሎ ቢሰወርለት ይወዳል። ሐኪም ግን እንደዚያ አያየውም። ለእሱ ሽንት ሰውነት በውስጡ ስለ ዋለው ሥራ ራሱ ጽፎ የሚልከው ደብዳቤ ነው፤ የሚፈለገውም ደብዳቤውን ማንበብ የሚችል ብቻ ነው።

አልፎ አልፎ ደግሞ ሐኪሙ በትንሿ ብልቃጥ አልበቃ ይለውና አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ ሰጥቶ፥ «ከነገ ጧት ጀምረው እስከ ከነገ ወዲያ ጧት ድረስ የሚወጣውን ሽንት ሁሉ አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ በዚህ አጠራቅመው ያምጡልኝ» ይላል። የታዘዘውም ሰው ግራ ይገባዋል። «የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንት ምን ያደርግለታል?» ብሎ ከራሱ ጋር ይከራከራል። የዛሬው ጽሑፌ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ነው። ከዚሁም ጋር ተማሪዎችና የቢሮ ጸሐፊዎች አዘውትረው የሚጠይቁትን ሌላ ጥያቄ አነሣለሁ፤ ይኸውም «ጭንቀቴ በሽንቴ ይታያል ወይ?» የሚለው ነው። መልሱ «ይታያልም፥ አይታይምም» ነው። ይህ የሸምጋይ መልስ ቢመስልም እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት «በእኛ አቆጣጠር» ካላልሁ በቀር በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ጉዳዩ የሚመለከተውን ዕጢ እንወቀው። በእያንዳንዱ ኩላሊታችን ራስ ላይ እንደ ቆብ የተደፋ ትንሽ ዕጢ አለ። ስሙ አድሬናል ይባላል፤ «ከኩላሊት አጠገብ ያለ» ማለት ነው። የቀኙ ሦስት ማዕዘን፥ የግራው ደግሞ የግማሽ ጨረቃ መልክ አለው። ሁለቱ በአንድነት ቢመዘኑ ከዐሥር ግራም ብዙ አይርቁም። ነገር ግን ትንሽነታቸው አያታልላችሁ። በ1856 ዓ.ም. ብራውን ሴካር የተባለ ሐኪም እነዚህን ዕጢዎች ከእንስሳት አካል ቆርጦ ቢያወጣ፥ እንስሳቱ ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ። ያለ እነሱ መኖር እንደማይቻል የታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።

ይህ ዕጢ በአንድ ግቢ ውስጥ እንዳሉ ሁለት መሥሪያ ቤቶች ነው። የውስጠኛው ክፍል የአደጋ ጊዜ መሥሪያ ቤት ነው። ትእዛዙ የሚደርሰው በነርቭ ስለ ሆነ እንደ ስልክ ፈጣን ነው። ማታ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ ከአጥር ሥር ውሻ ቢዘልባችሁ፥ ልባችሁ የሚደልቀው፥ እጃችሁ የሚያልበው፥ እግራችሁም ሳታስቡት የሚፈተለከው ይህ ክፍል አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ስለሚለቅ ነው። ሆርሞን ማለት ዕጢ ወደ ደም የሚያፈሰው መልእክተኛ ነው። እነዚህ መልእክተኞች የልብን ትርታ ያፋጥናሉ፤ የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፤ ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ለጡንቻ እንዲለቅ ያዛሉ። ውሻው ሲመለስ እነሱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋሉ።

የውጭው ክፍል፥ ማለት ቅርፊቱ፥ አሠራሩ ዝግ ያለ ነው። ትእዛዙ ከአንጎል ሥር ከተቀመጠችው ፒቱታሪ ከምትባል ዕጢ በደም ተጭኖ ይመጣል። ከሚያወጣቸው ሆርሞኖች ዋናው ኮርቲሶል ነው። ኮርቲሶል በደም ውስጥ ያለውን ስኳርና የደምን ግፊት ይጠብቃል፤ ቁስልና ትኩሳት ሲመጣ የሰውነትን ቍጣ ያበርዳል። ደግሞም ሰዓት አክባሪ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ከፍ ይላል፥ ሲመሽ እየቀነሰ ይሄዳል፥ እኩለ ሌሊት ላይ ከሁሉ ጊዜ ዝቅ ይላል።

እነዚህ ሁሉ ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ ከፊሎቹ እንዳሉ፥ ከፊሎቹም ተሰባብረው በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ይወጣሉ። ሐኪሙ ትልቁን ማጠራቀሚያ የሚሰጠው ስለዚህ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለውን ገንዘብ ያዥ አስቡ። ተቆጣጣሪ ድንገት ገብቶ ሣጥኑን ቢከፍት የሚያየው በዚያች ደቂቃ ያለውን ገንዘብ ብቻ ነው። ከአምስት ደቂቃ በፊት ብዙ ገቢ ሆኖ፥ ከአምስት ደቂቃ በኋላም ብዙ ወጪ ሊሆን ይችላል። ማታ ሒሳቡ ሲዘጋ ግን የቀኑ ሁሉ በአንድ ድምር ይገኛል። የደም ምርመራ ሣጥኑን ድንገት እንደ መክፈት ነው፤ የ24 ሰዓት ሽንት ግን የቀኑ ሒሳብ መዝጊያ ነው። በዚያም ላይ መርፌ የሚፈራ ሰው ደሙ ሲቀዳ አድሬናሊኑ ወዲያው ከፍ ስለሚል፥ ተቆጣጣሪው ራሱ ሒሳቡን ያበላሸዋል ማለት ነው። ሽንት ግን መርፌ የለበትም።

የነፍስ ፍርሃት በሽንት ላይ እንደሚጻፍ በሚገባ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ዋልተር ካነን ነው። በ1911 ዓ.ም. ካነንና ባልደረቦቹ ድመትን አስረው ውሻ እንዲጮኽባት አደረጉ። ድመቲቱ አልተነከሰችም፥ አልተነካችምም፤ ፈራች እንጂ። ነገር ግን በሽንቷ ውስጥ ስኳር ተገኘ። ጉበቷ ለሩጫ የለቀቀው ስኳር ከመጠን በማለፉ በኩላሊቷ በኩል ፈሰሰ።

ከድመት ወደ ሰው ሲሻገሩ ደግሞ የተመረመሩት ተማሪዎች ነበሩ። ከወትሮው በሽንታቸው ስኳር የማይገኝባቸው 9 የሕክምና ተማሪዎች ከአንድ ከባድ ፈተና ወጥተው ሽንታቸው ቢታይ በ4ቱ ስኳር ተገኘ። ቀለል ካለ ፈተና በኋላ ግን የተገኘው በአንዱ ብቻ ነው። በ1913 ዓ.ም. ደግሞ የሃርቫርድ የኳስ ቡድን የዓመቱን የመጨረሻና ትልቁን ግጥሚያ እንደ ጨረሰ የ25 ተጫዋቾች ሽንት ተመረመረ፤ በ12ቱ ስኳር ተገኘ። ይልቁንም የሚያስደንቀው ከነዚህ ከ12ቱ አምስቱ ሜዳ ሳይገቡ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የዋሉ ተጠባባቂዎች መሆናቸው ነው። እግራቸው አልሮጠም፤ የሮጠው ልባቸው ነው። በመምህርነቴ ተማሪዎች ከፈተና አዳራሽ በር ላይ ቆመው ከንፈራቸው ደርቆ፥ እጃቸው ቀዝቅዞ ሳይ ብዙ ጊዜ ትዝ የሚሉኝ እነዚያ አምስቱ ናቸው።

(በዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በሽንታችሁ ስኳር የተገኘባችሁ እንደ ሆነ «ፈርቼ ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት። የስኳር በሽታ አለመሆኑን በደም ምርመራ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።)

ካነን በስኳር በኩል አዙሮ ያየውን ነገር የስዊድን ሊቃውንት በቀጥታ ለኩት። በስቶክሆልም የነበረው ኡልፍ ፎን ኦይለር በ1946 ዓ.ም. ኖርአድሬናሊን የነርቭ መልእክተኛ መሆኑን አሳየ፤ በ1970 ዓ.ም. ለዚሁ ሥራው ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ሰው በ1954 ዓ.ም. ከአንድ ባልደረባው ጋር የአየር ኃይል ሰዎችን ሽንት መርምሮ፥ በበረራ ጊዜ አድሬናሊን በሽንት እንደሚጨምር ገለጸ።

ለቢሮ ሠራተኛ ግን ከአውሮፕላኑ ይልቅ የሚቀርበው ሌላ ምርመራ ነው። ሌናርት ሌቪ የተባለ የስዊድን ሐኪም በ1964 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት፥ የዕቃ መሸጫ ሒሳብ የሚጽፉ 12 ወጣት ሴቶች ጸሐፊዎችን ለአራት ቀን ተከታተለ። በሁለቱ ቀኖች እንደ ልማዳቸው በወር ደመወዛቸው ሠሩ። በሌሎቹ ሁለት ቀኖች ግን በሠሩት ልክ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኙ ተደረገ። በእነዚያ ቀኖች ሥራቸው ከእጥፍ በላይ ሆነ። አለቃ ቢያየው ደስ ይለው ነበር። በሽንታቸው ያለው አድሬናሊን ግን በ40 ከመቶ ገደማ ጨመረ፤ እነሱም ድካምና የጀርባ፥ የትከሻና የክንድ ሕመም ተሰማን አሉ። የሥራው መዝገብ ትርፉን ብቻ ሲጽፍ፥ የሽንቱ መዝገብ ወጪውንም ጽፎ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ኡልፍ ሉንድበርግ የተባለ የዚያው አገር ሰው በ1976 ዓ.ም. ሌላ ነገር አሳየ። ከኒኔስሃምን ከተማ ተነሥተው በየቀኑ በባቡር ወደ ስቶክሆልም ለሥራ የሚመላለሱትን ሰዎች መረመረ። ባቡሩ ከሚነሣበት ጣቢያ የሚሳፈሩት መንገዳቸው ረጅም ነው፤ መካከል ላይ የሚሳፈሩት መንገዳቸው አጭር ነው። አጭሩን መንገድ የሚሄዱት የተሻሉ ይሆናሉ ብሎ የማይገምት ማን ነው? የተገኘው ግን ተቃራኒው ነው። ዘግይተው የሚሳፈሩት ሰዎች አድሬናሊን በልጦ ተገኘ። ከመነሻው የሚሳፈሩት ባዶ ባቡር ገብተው ቦታቸውን መርጠው፥ ጓደኛ ካላቸውም ጎን ለጎን ሆነው ይቀመጣሉ። የኋለኞቹ ግን የሰው ጭንቅንቅ ውስጥ ገብተው የተረፈውን ይቀበላሉ። ጧት ጧት በአውቶቡስ ሰልፍና ግፊያ ከቤቱ ቢሮ የሚደርስ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያስፈልገውም። ሰውን የሚያደክመው የመንገዱ ርዝመት ብቻ ሳይሆን የመምረጥ ዕድል ማጣቱም ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው፥ «እንግዲያውስ እኔም ላቦራቶሪ ሄጄ ጭንቀቴን ላስመዝን» ሊል ይችላል። ጉዳዩ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። እነዚያ ሊቃውንት አንድን ሰው ከራሱ ጋር፥ የዛሬውን ቀን ከትናንቱ ጋር፥ ወይም አንዱን ቡድን ከሌላው ቡድን ጋር እያስተያዩ ነው የመረመሩት። አንድ ብቻውን የሚመጣ ሰው አንድ ቀን የሰጠው ሽንት ግን እንደዚህ ያለ ማስተያያ የለውም። የአንዱ ሰው ጤናማ መጠን ከሌላው ጤናማ መጠን ብዙ ይለያል። በዚያም ላይ የአድሬናሊን መጨመር በሽታ አይደለም። የፈተናው ዕለት ልቡ የሚደልቅ ተማሪ ዕጢው የተበላሸበት ተማሪ ሳይሆን ዕጢው በደንብ የሚሠራለት ተማሪ ነው። ከፈተናው በኋላ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ይህን ባለማወቅ ገንዘባቸውን የሚያጠፉ ሰዎች በየአገሩ ሞልተዋል። በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ «የአድሬናል ድካም» የሚባል የበሽታ ስም ወጣ። ሰው ብዙ በመጨነቁ ምክንያት ዕጢው ይዝላል፤ ጧት መነሣት የሚያቅተው፥ ከሰዓት በኋላ የሚያንቀላፋው፥ ጨውና ጣፋጭ የሚያምረው ለዚህ ነው የሚል ነው። እንዲህ ያለ ስሜት የማይሰማው ሰው ስለሌለ ስሙ ገበያ አገኘ፤ የምራቅና የሽንት ምርመራ፥ የሚዋጥ ክኒንም ተሸጠበት። በ2016 ዓ.ም. ሁለት የብራዚል ተመራማሪዎች ስለዚህ ጉዳይ የተደረጉ 58 ጥናቶችን ሰብስበው ቢመረምሩ፥ የአድሬናል ድካም የሚባል በሽታ ስለ መኖሩ ማስረጃ አላገኙም። የሆርሞን ሐኪሞች ማኅበራትም በሽታ ነው ብለው አልተቀበሉትም። የድካሙ ስሜት እውነት አይደለም ማለቴ አይደለም። ድካሙ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን የደም ማነስ፥ የእንቅርት ዕጢ ሕመም፥ የእንቅልፍ ማጣት ወይም የልብ ኀዘን ሊሆን ይችላል። የሐሰት ስም የተሰጠው ሰው እውነተኛውን ምክንያት መፈለግ ይተዋል። ጉዳቱም ይኸው ነው።

እንግዲህ የ24 ሰዓት ሽንት ለማን ነው? ሐኪሙ አንድ የተወሰነ በሽታ ለጠረጠረበት ሰው ነው። ከነዚህ በሽታዎች ሁለቱ በተለይ ሊታወቁ ይገባል።

የመጀመሪያው ኮርቲሶል ከመጠን በላይ ሲበዛ የሚመጣው ነው። ሃርቪ ኩሺንግ የተባለ ታዋቂ አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም በ1912 ዓ.ም. ገልጾት፥ በ1932 ዓ.ም. ደግሞ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በፒቱታሪ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት መሆኑን ስላመለከተ በስሙ ይጠራል። በሽተኛው ፊቱ እንደ ሙሉ ጨረቃ ይከብባል፤ ሆዱና ከአንገቱ በታች ያለው ጀርባው ይወፍራል፤ እጅና እግሩ ግን ይከሳል። በሆዱና በጭኑ ላይ ሰፋፊ ሰንበሮች ይወጣሉ፤ ትንሽ ቢጋጭ ይበልዛል፤ ከወንበር ለመነሣት እጁን መደገፍ ያሻዋል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታም ይከተላሉ። ጓደኞቹ «ተመቸህ፥ ወፈርህ» እያሉ ሲያሞግሱት እሱ ግን ውስጡ እየተበላ ነው። ሽንቱ በሁለት የተለያዩ ቀኖች ተጠራቅሞ ኮርቲሶሉ በጣም በዝቶ ቢገኝ ሐኪሙ ፍለጋውን ይቀጥላል። የእኩለ ሌሊት ምራቅም ይመረመራል፤ በዚያ ሰዓት ዝቅ ማለት የሚገባው ኮርቲሶል ዝቅ ሳይል ከተገኘ ጤናማ አይደለምና። ከባድ የመንፈስ ጭንቀትና መጠጥ ማብዛት ኮርቲሶልን በመጠኑ ከፍ ስለሚያደርጉ ሐኪሙ በአንድ ወረቀት አይፈርድም።

ሁለተኛው በዕጢው ውስጠኛ ክፍል የሚበቅል ፊዮክሮሞሳይቶማ የተባለ እብጠት ነው። ብዙ ሰው የማይይዝ በሽታ ነው፤ የሚይዘውን ግን ያሠቃያል። ውሻ ሳይኖር የውሻ ድንጋጤ ይመጣል። ሰውየው ተቀምጦ ሳለ ድንገት ራሱን ይፈልጠዋል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ ልቡ ይደልቃል፤ የደሙ ግፊት ያሻቅባል፤ ጥቂት ቆይቶ ይለቀዋል። አንዱ «ዓይነ ጥላ ነው» ይለዋል፤ ሌላው «ሐሳብ አብዝቶ ነው» ይለዋል። እሱም በመጨረሻ «ፈሪ ሆኛለሁ» ብሎ ራሱን ይንቃል። ነገር ግን በሽንት ወይም በደም ውስጥ የአድሬናሊን ስብርባሪ የሆኑት ሜታኔፍሪኖች ቢለኩ ነገሩ ይገለጣል። እብጠቱንም ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ በ1926 ዓ.ም. ሴዛር ሩ በስዊስ፥ ቻርልስ ማዮ ደግሞ በአሜሪካ ይህን በደኅና ፈጽመዋል። የታከመው ሰው «ጭንቀቱም» አብሮ ይለቀዋል።

የዕጢው መዳከምስ? እሱም እውነተኛ በሽታ አለው፤ ቅድም ካልሁት የገበያ ስም ጋር ግን አይገናኝም። በ1855 ዓ.ም. በሎንዶን የጋይ ሆስፒታል ሐኪም የነበረው ቶማስ አዲሰን ስለ 11 በሽተኞች ጽፎ በስሙ ቀርቷል። በሽተኛው ይከሳል፤ ይዝላል፤ ያስመልሰዋል፤ የደሙ ግፊት ይወርዳል፤ ቆዳውም ይጠቁራል። በእኛ በጠይም ሰዎች ላይ ጥቁረቱ ቶሎ ስለማይታወቅ ድድን፥ የመዳፍን መሥመርና አዲስ ጠባሳን ማየት ይሻላል። አዲሰን ከመረመራቸው ብዙዎቹ ዕጢያቸውን የበላው የሳንባ ነቀርሳ በሽታ ነበር። ነቀርሳ ባልጠፋበት በእኛ አገር ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ይህ በሽታ ግን የሚረጋገጠው በሽንት ሳይሆን በጧት ደምና፥ ዕጢው በመርፌ ሲታዘዝ መልስ መስጠት አለመስጠቱን በማየት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ምርመራ አለው።

በአዲሰን በሽታ የታመመው ዝነኛ ሰው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ነው። በመስከረም 1956 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን በዋሽንግተን የተቀበለው ያ መልከ መልካም ሰው፥ በሽታው ከታወቀበት ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በሆርሞን መድኃኒት የሚኖር ነበር። በ1960 ዓ.ም. ለምርጫ ሲወዳደር ግን ሰዎቹ በሽታውን ካዱለት። ሕዝቡ ሁሉ ሲያደንቅለት የነበረው ፀሐይ የመታው የሚመስለው ፊቱ ምናልባት ከዚሁ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ኬኔዲን ያኖረው መድኃኒት ወገን ታሪኩ ድንቅ ነው። በመስከረም 1948 ዓ.ም. በአሜሪካ የማዮ ክሊኒክ ሐኪም ፊሊፕ ሄንች፥ ኬንዳል የተባለው ባልደረባው ከዕጢው ቅርፊት ያገኘውን ኮርቲዞን በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ለያዘች አንዲት ሴት ወጋት። በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ሁለቱም ከራይክስታይን ጋር በ1950 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የሚባሉት የዚያ መድኃኒት ዘመዶች ናቸው። በሐኪም እጅ ሲሆኑ ነፍስ ያድናሉ። ነገር ግን ሰው ለአስም፥ ለቁርጥማት፥ ወይም ለመወፈር ብሎ በራሱ ፈቃድ ገዝቶ ወራት ቢውጣቸው፥ ለመቅላት ብሎም ከዚሁ ወገን የሆነ ቅባት ቢቀባ፥ ከላይ የነገርኋችሁ የጨረቃ ፊት ይመጣበታል። የራሱም ዕጢ «ሥራዬን ሌላ ሠራልኝ» ብሎ ይተኛል። ታዲያ ያ ሰው አንድ ቀን ደንግጦ መድኃኒቱን በአንድ ጊዜ ቢጥል የተኛው ዕጢ ቶሎ አይነቃም፤ ሰውየው ያስመልሰዋል፥ የደሙ ግፊት ይወርዳል፥ ሊሞትም ይችላል። ከጥቂት ሳምንት በላይ የወሰዳችሁ ብትኖሩ በድንገት አታቋርጡ፤ ሐኪም በጥቂት በጥቂቱ ይቀንስላችኋል። ይህን ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትቀሩ ጽሑፌ ዋጋውን አግኝቷል።

አሁን ማጠራቀሚያውን ለተቀበለ ሰው ጥቂት ምክር ልስጥ። ማክሰኞ ጧት በ1 ሰዓት ጀመራችሁ እንበል። የዚያን ሰዓት ሽንት በሙሉ ትደፉታላችሁ፤ የሌሊቱ፥ ማለት የትናንቱ ሒሳብ ነውና። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ፥ ቀንም ሌሊትም፥ ታጠራቅማላችሁ። በማግሥቱ ረቡዕ በዚያው በ1 ሰዓት የሚወጣውን የመጨረሻውን ጨምራችሁ ትዘጋላችሁ። ዕቃው ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። ለአድሬናሊን ምርመራ ሲሆን ብዙ ጊዜ ከዕቃው ውስጥ አሲድ አለበት፤ ውሃ መስሏችሁ እንዳትደፉት፥ ቆዳችሁንም እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ውሃ ከልማዳችሁ አብልጣችሁ አትጠጡ፤ ብዛቱ የኮርቲሶሉን ቍጥር ሊያዛባ ይችላል። ቡናና ሙዝ መተው ያስፈልግ እንደ ሆነ ጠይቁ፤ እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያልና። ጫት የልብን ትርታና የደምን ግፊት ስለሚያነሣ የምትቅሙ ከሆነ ሳታፍሩ ተናገሩ። የምትውጡትን ክኒን፥ የምትቀቡትንም ቅባት ሁሉ አንድ ሳታስቀሩ ንገሩ።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሚመጣው ከዕፍረት ነው። ሰው ዕቃውን ይዞ ቢሮ መግባት ያፍርና የቀኑን ሽንት በመሥሪያ ቤቱ መጸዳጃ ደፍቶ፥ ማታ ከቤቱ ያገኘውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። የጎደለ ሒሳብ ይቀርባል፤ የበዛው ሆርሞን ያልበዛ ይመስላል፤ በሽተኛውም «ጤነኛ ነህ፥ ሐሳብ አታብዛ» ተብሎ ይመለሳል። እርግጥ ላቦራቶሪው ክሬአቲኒን የተባለውን፥ ከጡንቻ የሚወጣና በየቀኑ መጠኑ ብዙ የማይለዋወጥ ነገር ለክቶ ጉድለቱን እንደ ኦዲተር ሊያገኘው ይችላል። ይሁን እንጂ ከመጋለጥ መናገር ይሻላል። አንድ ጊዜ ከጎደለባችሁ «ጎድሎብኛል» ብላችሁ እንደ ገና ጀምሩ። ቢሮ የሚውል ሰው ሐኪሙን አስፈቅዶ የዕረፍት ቀኑን ቢመርጥ ይቀለዋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ጭምር ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስና ፍርዱን እንስጥ። ጭንቀት በሽንት ይታያል፤ የድመቲቱ፥ የተማሪዎቹ፥ የጸሐፊዎቹም መዝገብ ይህን መስክሯል። ነገር ግን ሽንት የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ይህ ዕጢ በዚህ ቀን ምን ያህል ሠራ?» ብትሉት በቍጥር ይነግራችኋል። «ኑሮዬ ለምን ከበደኝ?» ብትሉት ግን ዝም ይላል። ለዚህኛው ጥያቄ የሚሻለው እንቅልፍ፥ ጥሩ ጓደኛ፥ አስቀድሞ የተጠና ትምህርት፥ የጸሐፊዎቹን ድካም የሚያይ አለቃም ነው። ከዚህ አልፎ ሕመሙ በየጊዜው በድንገት የሚነሣ፥ መልክን የሚለውጥ፥ ጕልበትን የሚያጠፋ ሲሆን ግን «ሐሳብ ነው» ተብሎ መተው የለበትም። ጭንቀትን በሽታ ማለት ገንዘብ ያስጨርሳል፤ በሽታን ጭንቀት ማለት ግን ሰው ያስጨርሳል።

በሚመጣው ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሰንብቱ።